ለምን ዝም አሉ?

በምናስተምርበት የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አንድ አባት አሉ። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፏል። ድሮ በሰፈሩ የሚታወቁት በድምፃቸው ነበር። በደቦ ላይ ሥራውን የሚያሟሙቁት እሳቸው ነበሩ። ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር ሲጣላም ለሽምግልና የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

ለትምህርት ሲመጡ ግን ሌላ ሰው ሆኑብን። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ወደ ሰሌዳው ይውጡ ስንላቸው፣ «ለልጆቹ ይሁን፣ አስተማሪ» ይላሉ። ትምህርቱ ሲያልቅ ማንንም ሳያናግሩ ቀድመው ይወጣሉ።

እኛ ምን አልን? «እኒህ ሰው ትምህርት አይወዱም» አልን። «ዕድሜ ሲገፋ ዓይን አፋር ሆኑ» አልን። አንድ ቀን በግድ አስነሥተን መጽሐፍ አስነበብናቸው። «ላም» የሚለውን ቃል «ለም» ብለው አነበቡ። የ«ላ» አንድ እግር ማጠሩ አልታያቸውም። ወጣቶቹ ሳቁ። እኛም ሳቁን አላስቆምንም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቀሩ።

ጥፋቱ የኛ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ቤታቸው ድረስ ሄድን። ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን። በሦስተኛው ስኒ ላይ እኒያ አባት ተናገሩ።

«ፊደሉን እኮ አውቀዋለሁ» አሉ። «ሰሌዳው ከሩቅ ይታየኛል። ቀርቤ ልጽፍ ስል ይደበዝዝብኛል። መጽሐፉ ላይማ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። አባቴ ሲያረጁ ዓይናቸው ጠፍቶ በልጅ ይመሩ ነበር። የኔም ቀን ደርሷል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው።

«ምን ብዬ ልንገር? ዓይኑ ፈዘዘ ከተባልኩ የእኩል መሬት ማን ይሰጠኛል? ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም። ወንፈል ገብቼ የሰውን ቀን መመለስ ካቃተኝ በምን ፊቴ ሰው መሐል እቀመጣለሁ? ስለዚህ መራቅ ያዝኩ።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ሰው የጠሉ መስሎን ነበር። ለካስ ሰው እንዳያውቅባቸው ፈርተው ነው።

ከሐፍረቱ ኋላ ምን አለ?

በተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነ ሰው አለ። ዝምታ በሽታ አይደለም። ድሮ ተጫዋች የነበረ ሰው በዕድሜው ከሰው መሸሽ ከጀመረ ግን እንጠይቅ። ምናልባት የሚደብቀው ነገር ይኖራል።

በመጀመሪያ ዓይንን እንይ። በዓይናችን ውስጥ ሌንስ የሚባል ጥርት ያለ ነገር አለ። በልጅነታችን ልስልስ ነው። ቅርብ ያለውን ለማየት ቅርጹን ይለውጣል። ዕድሜያችን 40 ዓመት ገደማ ሲደርስ ሌንሱ እየደረቀ ይሄዳል። ያን ጊዜ ክር በመርፌ ማስገባት ያስቸግራል። ከስንዴ ውስጥ እንክርዳድ መልቀም ያስቸግራል። ይህ በዕድሜ ሁላችንንም ያገኘናል። ዓይነ ስውር መሆን ማለት አይደለም። የማንበቢያ መነጽር ይበቃዋል። ማንበብም ዓይንን አያጠፋም።

ሌንሱ ሲደፈርስ ደግሞ የዓይን ሞራ ይባላል። እይታው ጭጋግ እንደ ጋረደው ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን ጥናት ተደርጎ ነበር። ዓይነ ስውር ሆነው ከተገኙት ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ ግን በቀዶ ሕክምና ይድናል። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ስለዚህ «አርጅቻለሁ፣ በቃ» ብሎ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ አይገባም።

ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይንን የሚፍቅ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ትራኮማ ያመጣው ነው። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል። ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ለዚህም የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና አለ። ዓይን ድንገት ከታመመ ወይም ድንገት ከጨለመ ቀን ሳያሳልፉ ወደ ሐኪም ነው።

ጆሮም ሰውን ያሸማቅቃል። ጆሮው የደከመ ሰው ሁልጊዜ «እ? ምን አልክ?» ማለት ያሳፍረዋል። ያልሰማውን ጨዋታ ሰው ሲስቅ አይቶ ይስቃል። ኋላ ከዕድርም ከስብሰባም ይቀራል። አንዳንዴ ጆሮውን የዘጋው ኩክ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስወጣት ይቻላል። በእንጨት ወይም በክብሪት መጎርጎር ግን ጆሮን ያቆስላል። የመስማቱ መድከም በዕድሜ የመጣ ከሆነ፣ ፊት ለፊት ሆነን በዝግታ እናናግረው። መጮኽ ብዙም አይረዳም።

እናቶች ደግሞ ለማንም የማይነግሩት ሕመም አላቸው። ብዙ በመውለድና ከባድ ሸክም በመሸከም ማሕፀን ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ሽንትም ሊያመልጥ ይችላል። ያችን እናት ከገበያና ከለቅሶ ቤት የሚያስቀራት ኩራት አይደለም። ሽታ ይሰማብኛል ብላ ነው። ይህ እርግማን አይደለም። ሕመም ነው። እንደ ሁኔታው በሰውነት እንቅስቃሴ፣ በቀለበት መሰል መደገፊያ ወይም በቀዶ ሕክምና ይረዳል። ለወንድ መናገር ለሚያሳፍራት እናት፣ ለሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መንገር ይቀላታል።

ስለ ሥራ መጨነቅ

ገበሬ ጉልበቱ ሲቀንስ ሁለት ነገር ያስፈራዋል። አንደኛው «ምን እበላለሁ?» ነው። ሁለተኛው «ከሰው በታች ሆንኩ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ወንፈል ጉልበት መበዳደር ነው። ጉልበት ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው እንዴ? ዘር መበተን የለመደ እጅ ይፈልጋል። ሞፈርና ቀንበር መጥረብ ዕውቀት ይፈልጋል። አንዱ አንድ ቀን ቢያርስ፣ ሌላው በምትኩ ቀንበር ቢጠርብለት ዕዳው ተከፈለ። ነገር ግን ይህን ስምምነት ለማድረግ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ሳይናገሩ ከቀሩ ሰው «ሰነፈ» ይላል። ከተናገሩ ግን መላ ይፈለጋል።

ምን እናድርግ?

ሕመምን ለአገር ሁሉ ማወጅ አያስፈልግም። ለአንድ ሰው መንገር ይበቃል። ለባለቤት፣ ለጓደኛ ወይም ለታላቅ ልጅ ይሁን። ከዚያ ያ ሰው አብሮ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጤና ጣቢያው ካልቻለ ወደ ሆስፒታል ይልካል።

ሐኪም ፊት ስንቀርብ ብዙዎቻችን አፋችን ይታሰራል። የመጣንበትን ረስተን «ራሴን ያመኛል» ብለን እንመለሳለን። አሁን ግን መጻፍ ችለናል! ስለዚህ ከቤት ሳንወጣ ሦስት ነገር በወረቀት እንጻፍ። ምን ያመናል? መቼ ጀመረ? የትኛውን ሥራ ከለከለን? ወረቀቱን ለሐኪሙ እንስጥ። ወረቀት አያፍርም።

ጭንቀትም ይጻፍ። ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሳን፣ ምግብ ከዘጋን፣ የምንወደው ነገር ሁሉ ካስጠላን፣ ይህም ሕመም ነው። ለሐኪም ይነገራል።

እኒያ አባትስ?

የልጅነት ጓደኛቸው በገበያ ቀን አብሯቸው ጤና ጣቢያ ሄደ። ሌሊቱን በኩራዝ ሦስት መስመር ጽፈው ነበር። «ዓይኔ ቅርብ አያይም። ወገቤ ያማል። ሌሊት አልተኛም።» ምንም ሳይናገሩ ወረቀቱን ለሐኪሙ ዘረጉ።

ሐኪሙ ዓይናቸውን አየ። የፈሩት አልነበረም። የዕድሜ ነበር። መነጽር ታዘዘላቸው፣ ገዙ።

ሁሉም ነገር ተቃና አንልም። ወገባቸው ዛሬም ያማል። ሙሉ ቀን ማረስ አይችሉም። አንዱ ባለመሬት ነገሩን ሲሰማ መሬቱን ለሌላ ሰጠ። ሌላው ግን አልወሰደባቸውም። በወንፈሉም ቀንበር ይጠርባሉ፣ ዘር ይበትናሉ። ወደ ሰሌዳው መውጣት አሁንም አይወዱም። እኛም አናስገድዳቸውም። ከበሩ አጠገብ ግን ተነሥተው ወደ ፊት መጥተዋል። ባለፈው ሳምንት ተቀምጠው አንድ ገጽ አነበቡልን። «ላም» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው በመነጽራቸው በላይ አዩን። «ይቺ ናት ያዋረደችኝ!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኛ ደግሞ ከእኒህ አባት ሌላ ትምህርት አገኘን። ሰው ዝም ሲል ከመፍረድ በፊት ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ተወያዩበት

1. በሰፈራችሁ ከሰው መራቅ የጀመረ ሽማግሌ ወይም እናት አለ? ማን ሄዶ ይጠይቅ?
2. በወንፈላችሁ ጉልበቱ የደከመ ሰው በምን ሥራ ዕዳውን ሊከፍል ይችላል?
3. እናንተን የሚያሳስባችሁን ነገር በሦስት መስመር ጻፉ። ለማሳየት ካልፈለጋችሁ እጥፍ አድርጋችሁ ያዙት። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ግን አትርሱት።