ካውንስለሩ ቤት አይሰጥም፤ ታዲያ ምን ይሠራል?

በለንደን ሐበሻ መሃል ስለ አካባቢ ካውንስለር ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «እሱ ከፈለገ ቤት ያሰጣል» ይላል። ሌላው «ምርጫ ሲደርስ በር ያንኳኳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውም አይታይ» ይላል። ሁለቱም ወሬዎች ሰው ይጎዳሉ። የመጀመሪያውን ያመነ ሰው ካውንስለሩን ሲጠብቅ የይግባኝ ቀኑ ያልፍበታል። ሁለተኛውን ያመነ ደግሞ ሳንቲም ሳያስከፍል ሊሟገትለት የሚችል ሰው እያለ ችግሩን ብቻውን ታቅፎ ዓመታት ይቆጥራል።

የመጀመሪያው እምነት ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። የከተማ ትርፍ ቤቶችን ከወረሰው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ በከተሞቻችን ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑ ቤቶችን ያስተዳድር የነበረው ቀበሌ ነው። መታወቂያውም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም፣ ቤቱም ከአንድ ቢሮ ይወጣ ስለነበር ሊቀመንበሩን ማወቅ ብዙ በር ያስከፍት ነበር። ያንን እያየ ያደገ ሰው የእንግሊዙን ካውንስለር በዚያው ዓይን ቢያየው አይፈረድበትም።

በእንግሊዝ ግን ተመራጩና ሠራተኛው የተለያዩ ናቸው። በለንደን ከሲቲ ኦፍ ለንደን ሌላ 32 ካውንስሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በዋርድ ይከፋፈላሉ፤ የዋርዱ ነዋሪ ከአንድ እስከ ሦስት ካውንስለሮችን ለ4 ዓመት ይመርጣል። የተመረጠው ካውንስለር ፖሊሲና በጀት ያጸድቃል፣ ይጠይቃል፣ ይቆጣጠራል። የእያንዳንዱን ሰው ፋይል ይዞ የሚወስነው ደመወዝ የሚከፈለው ኦፊሰር ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ካውንስለሩን የት ላይ እንደሚፈልገው ያውቃል። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ ካውንስለሩን የያዘ ሰው ቤት ያገኛል

እውነታው፦ በ1997 የወጣው የቤት ድልድል ደንብ ይህን በግልጽ ይከለክላል። ቤቱ የሚገኘው በካውንስለሩ ዋርድ ከሆነ፣ ወይም አመልካቹ የሚኖረው በዚያ ዋርድ ከሆነ፣ ካውንስለሩ በውሳኔው ላይ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ የእርስዎ ተመራጭ በእርስዎ ቤት ጉዳይ ላይ እጁ በሕግ የታሰረ ነው። ደንቡ ቤት የድምፅ መግዣ እንዳይሆን የሚጠብቅ አጥር ነው፤ ዘመድ የሌለውን አመልካችም የሚጠብቀው ይኸው አጥር ነው።

ተራውን የሚወስነው የካውንስሉ የድልድል ፖሊሲ ነው፤ የቤተሰቡ ብዛት፣ የጤናው ሁኔታ፣ በአካባቢው የኖረበት ጊዜና የመሳሰለው ይታያል። ካውንስለሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የተመደቡበት የቅድሚያ ደረጃ («ባንድ») ስህተት ከሆነ፣ ያስገቡት የሐኪም ማስረጃ ካልታየልዎ፣ ወይም ለወራት መልስ ካጡ «ለምን?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቃል። ፖሊሲው ራሱ ሲሻሻልና አዲስ ቤት ለመሥራት ገንዘብ ሲመደብም ቃሉና ድምፁ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በቤት አልባነት ማመልከቻዎ ላይ «አይገባዎትም» የሚል የውሳኔ ደብዳቤ ከደረሰዎት፣ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቂያው 21 ቀን ነው። ካውንስለሩን ስላነጋገሩ ቀኑ መቁጠሩን አያቆምም። አስቀድመው የሪቪው ጥያቄውን ያስገቡ፤ ሼልተር ወይም ሲትዝንስ አድቫይስ ከሚባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ምክር ይጠይቁ፤ ካውንስለሩ ደግሞ በጎን ይግፋ።

ተረት 2፦ ካውንስለር ኢሜይል ከማስተላለፍ ሌላ አቅም የለውም

እውነታው፦ ዋናው አቅሙ ጥያቄው ነው፤ ጥያቄው ኃይል የሚያገኘው ደግሞ እርስዎ ከሚሰጡት ማስረጃ ነው።

በካውንስል ቤት የምትኖር አንዲት እናት እንውሰድ። የልጆቹ መኝታ ቤት ግድግዳ በሻጋታ ጠቁሯል፤ ትንሹ ልጅ አስም አለው። ደጋግማ ደውላለች፤ የምታገኘው መልስ «መስኮት ክፈቺ» ነው። ቅዳሜ ጠዋት ካውንስለሩ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት «ሰርጀሪ» በሚባለው የነዋሪ ማነጋገሪያ ሰዓቱ ሰው ሲያነጋግር ትሄዳለች። «ቤቴ መጥፎ ነው፣ እርዱኝ» ብላ ብቻ ብትመለስ ካውንስለሩም ለኦፊሰሩ የሚጽፈው ያንኑ ይሆናል፤ የሚመለሰውም ደብዛዛ መልስ ነው። አድራሻዋን፣ የደወለችባቸውን ቀኖች፣ በየጊዜው የተሰጧትን ሪፈረንስ ቁጥሮች፣ ቀን ያለበት ፎቶግራፍና የጂፒ ደብዳቤ ይዛ ከቀረበች፣ መጨረሻም የምትፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካስቀመጠች ግን ነገሩ ይለወጣል። «በዚህ ቀን መርማሪ ይምጣ፤ ውጤቱም በጽሑፍ ይሰጠኝ» ማለት በቂ ነው። ካውንስለሩ ይህን ሲልክ በተመራጭ እንደቀረበ ጥያቄ ተመዝግቦ ለክፍሉ ኃላፊ ይደርሳል፤ ካውንስሉም ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ራሱ ያወጣው የመልስ ጊዜ አለው።

ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። በ2020 በሮችዴል ከተማ የ2 ዓመቱ ሕፃን አዋብ ኢስሃቅ በሻጋታ ምክንያት ከሞተ በኋላ በስሙ የሚጠራ ሕግ ወጥቷል። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የካውንስልና የሃውዚንግ አሶሲየሽን ቤት አከራዮች አደገኛ እርጥበትና ሻጋታ እንዳለ ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመርመር፣ ለጤና ወይም ለደኅንነት ወዲያው የሚያሰጋ ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ መርምረው አደጋውን ማስወገድ አለባቸው። ይህን ቁጥር ጠቅሶ የሚጠይቅ ነዋሪና ካውንስለር በቀላሉ አይሸኝም።

በዚያው ሕንፃ ያሉ ሌሎች ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ማስረጃ ካቀረቡ ጉዳዩ ከአንድ ቤት ጥገና ያልፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንደሚባለው፣ ካውንስለሩ ነገሩን ወደ ካውንስሉ የክትትልና ቁጥጥር ኮሚቴ ወስዶ ኃላፊው በአደባባይ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይችላል።

ተረት 3፦ ዜግነት የሌለኝ ሰው ካውንስለር አያነጋግረኝም

እውነታው፦ ካውንስለር የዋርዱ ነዋሪ ሁሉ ተወካይ ነው። መረጡት አልመረጡት፣ ፓስፖርትዎ የየት አገር እንደሆነ፣ ጥገኝነት ጠያቂ ይሁኑ ስደተኛ፣ ለማነጋገር መሥፈርት አይደለም። የነገሩትን የግል ጉዳይ ለጉዳዩ ብቻ እንዲጠቀምበትም የመረጃ ጥበቃ ሕግ ያስገድደዋል።

ድምፅ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ የሚመርጡት የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ መሥፈርቱን የሚያሟሉ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎችና የተወሰኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያም ኤርትራም የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆኑ የእነሱን ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው እንግሊዝ ውስጥ አይመርጥም። ስኮትላንድና ዌልስ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ የአካባቢውን ካውንስል እንዲመርጥ ፈቅደዋል። ግላስጎና ካርዲፍ ያላችሁ ወገኖች ይህ መብት በእጃችሁ ነው። ዜግነት ያገኛችሁ የእንግሊዝ ነዋሪዎች ደግሞ ከሜይ 2023 ወዲህ ምርጫ ጣቢያ ስትሄዱ ፎቶ ያለበት መታወቂያ እንደሚያስፈልግ አትርሱ፤ የሌለው ሰው የመራጭ መታወቂያ በነጻ ማውጣት ይችላል።

ተረት 4፦ የሰፈሩ ችግር ሁሉ የካውንስል ነው

እውነታው፦ ብዙው ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። የለንደን ካውንስል የቆሻሻ መሰብሰብን፣ ቤተ መጻሕፍትን፣ መናፈሻን፣ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች እንክብካቤን፣ የሕፃናት ጥበቃን፣ የመብራትና የአስፋልት ጥገናን ይይዛል። የጂፒ ቀጠሮ ማጣት ግን የጤና አገልግሎቱ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲትና የሆም ኦፊስ ጉዳይ የማዕከላዊው መንግሥት ስለሆነ የሚወሰደው ወደ ፓርላማ አባሉ ነው።

ከእኛ ሰው ብዙው በሹፍርና ስለሚተዳደር ይህን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። በለንደን የታክሲና የሚኒካብ ፈቃድ የሚሰጠው ትራንስፖርት ፎር ለንደን እንጂ ካውንስል አይደለም፤ ኡበር የሚነዳ ሰው የፈቃድ እድሳቱ ቢዘገይበት የሚጠይቀው እዚያ ነው። ከለንደን ውጭ ግን ፈቃዱን የሚሰጠው ካውንስሉ ነው። መንገዱም እንዲሁ ነው፤ ቀይ መስመር የተሰመረባቸው ዋና ዋና መንገዶች፣ ከከተማዋ መንገድ 5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት፣ የትራንስፖርት ፎር ለንደን ናቸው። የቀረው በአብዛኛው የካውንስሉ ነው።

ተረት 5፦ የፓርኪንግ ቅጣቴን ካውንስለሩ ያሰርዝልኛል

እውነታው፦ አያሰርዝም፤ እንዲሰርዝ መጠየቅም እሱን ችግር ውስጥ መክተት ነው። የቅጣት ይግባኝ የራሱ መንገድ አለው። ትኬቱ መኪናው ላይ ከተለጠፈ በ14 ቀን ውስጥ የሚከፍል ሰው ግማሹን ብቻ ይከፍላል። ቅጣቱ ትክክል አይደለም የሚል ደግሞ ሳይከፍል በዚያው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይቃወማል፤ ካውንስሉ በመጨረሻ ካልተቀበለው ከካውንስሉ ነጻ ወደሆነው የለንደን ትሪቡናል ይሄዳል። የመንገድ ምልክቱ በዛፍ ተሸፍኖ ብዙ ሰው በዚያ ቦታ የሚቀጣ ከሆነ ግን ያ የካውንስለሩ ሥራ ነው። ምልክቱ እንዲታይ ማድረግ ከአንድ ሰው ቅጣት የሚበልጥ የአካባቢ ጉዳይ ነው።

ተረት 6፦ ካውንስለሩ ወዳጅ ከሆነ የምግብ ቤቱ የፈቃድ ጉዳይ ያልቃል

እውነታው፦ መጠጥ ለመሸጥ ወይም ከምሽቱ 5 ሰዓት (በእንግሊዝ አቆጣጠር 11 ሰዓት) በኋላ ትኩስ ምግብ ለማቅረብ የሚያስፈልገው ፈቃድ በ2003ቱ የፈቃድ ሕግ ይመራል። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ጎረቤትም ፖሊስም በ28 ቀን ውስጥ አስተያየት ማቅረብ ይችላሉ። ተቃውሞ ከመጣ ሦስት ካውንስለሮች የሚቀመጡበት ንዑስ ኮሚቴ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። የሚመዝኑት አራት ነገሮችን ብቻ ነው፦ ወንጀልና ሁከት መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ጎረቤትን የሚረብሽ ነገር መከላከልና ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ወዳጅነት ከእነዚህ ውስጥ የለም፤ «ሌላ ምግብ ቤት ገበያዬን ይወስድብኛል» የሚል ተቃውሞም የለም።

ስለዚህ ምግብ ቤት የሚከፍት ወገን የሚጠቅመው ዝግጅቱ ነው። ጉዳዩ በንዑስ ኮሚቴው ከመሰማቱ በፊት ከላይ ካለው ፎቅ ነዋሪ ጋር ይነጋገር፤ ሙዚቃው ስንት ሰዓት እንደሚቀነስ፣ ደንበኛ ሲወጣ ደጅ ላይ ጫጫታ እንዳይኖር ማን እንደሚቆም፣ ቆሻሻው ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጽፎ ያቅርብ። ሦስቱ ካውንስለሮች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ተረት 7፦ ካውንስለር ሙሉ ጊዜውን ለዚህ የሚከፈለው ሹም ነው

እውነታው፦ ካውንስለር የካውንስሉ ሠራተኛ አይደለም፤ በዚያው ካውንስል ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ለካውንስለርነት መወዳደርም አይችልም። የሚያገኘው አበል እንጂ ደመወዝ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ይዘው በማታና በቅዳሜ ያገለግላሉ። ኢሜይልዎ በሁለተኛው ቀን ካልተመለሰ ተስፋ አይቁረጡ። ሳምንት ካለፈ አንድ ጊዜ ያስታውሱ፤ ዋርዱ ሁለት ወይም ሦስት ካውንስለሮች ካሉት ለሁሉም በአንድ ኢሜይል ይጻፉ። ያለፈቃድ 6 ወር ሙሉ ከስብሰባ የቀረ ካውንስለር ወንበሩን እንደሚያጣም ሕጉ ደንግጓል።

ተረት 8፦ ካውንስለር የሚያስፈልገው ችግር ሲደርስ ነው

እውነታው፦ ትልቁ ውሳኔ የሚያልፈው ከችግሩ በፊት ነው። ካውንስል በሕግ ገቢና ወጪው የተመጣጠነ በጀት ማጽደቅ አለበት፤ የካውንስል ታክሱንም ከማርች 11 በፊት ይወስናል። ገንዘቡ ካልበቃ የሚቀነስ ነገር ይፈለጋል። ክሮይደን በ2020፣ በርሚንግሃም በ2023 ወጪያቸውን መሸፈን እንደማይችሉ በይፋ አስታውቀዋል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት፣ የወጣቶች ማዕከሉና ለኮሚዩኒቲ ድርጅቶች የሚሰጠው ድጎማ መጀመሪያ ከሚነኩት መካከል ናቸው። ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ የሚማሩበት የካውንስል አዳራሽ ኪራይም እዚያው የበጀት ሠንጠረዥ ውስጥ ነው።

ስብሰባው ዝግ አይደለም። በ1960 የወጣ ሕግ ሕዝብ በካውንስል ስብሰባ የመገኘት መብት እንዲኖረው አድርጓል፤ ረቂቁን ለፓርላማ ያቀረበችው በዚያን ጊዜ የፊንችሊ አዲስ ተመራጭ የነበረችው ማርጋሬት ታቸር ናት። ከ2014 ወዲህ ስብሰባውን መቅረጽም ይፈቀዳል። አጀንዳው ከስብሰባው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን በፊት በካውንስሉ ድረ ገጽ ይወጣል።

በበጀቱ ላይ አስተያየት የሚሰበሰበው ብዙ ጊዜ ከፈረንጆች ገና በፊትና በኋላ ባሉት ወራት ነው። የእኛ የኮሚዩኒቲ ማኅበራት፣ የቅዳሜ ትምህርት ቤት ወላጆች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ኮሚቴዎች በዚያ ጊዜ ድምፃችን እምብዛም አይሰማም፤ ጩኸታችን የሚሰማው አገልግሎቱ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ካውንስለሩ ራሱ እጁን አውጥቶ ያጸደቀውን በጀት መቀልበስ ይቸግረዋል። ስለዚህ የካውንስለሮቻችሁን ስም ዛሬ በፖስት ኮዳችሁ ፈልጉ። ስንት ልጅ በየቅዳሜው እንደሚማር፣ ስንት አረጋዊ ያንን አዳራሽ እንደሚጠቀም ቆጥራችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። ገጹን ከበጀቱ ድምፅ በፊት ላኩላቸውና በስብሰባው ምሽት ከአድማጩ ወንበር ላይ ተገኙ።