አዲስ ሙዚቃ ለምን እንደ አሮጌ ካሴት ይሰማል?

በኮምፒውተር የሚሠራ ሙዚቃ እንከን የሌለበት ሆኖ መውጣት ይችላል። አንዳንድ ሙዚቀኞች ግን ሆን ብለው ያስረጁታል። ከዜማው ሥር የካሴትን “ሽ…” የሚል ድምፅ ይጨምሩበታል፤ ኪቦርዱንም ባትሪው እንደደከመ ቴፕ ያወዛውዙታል። ይህ ስልት በዓለም ዙሪያ ብዙ ወዳጅ አፍርቷል። ድሬዳዋ ላይ ጉዳዩ የበለጠ ይመለከተናል፤ የሚመሰለው ድምፅ በየቤታችን የኖረ ነው፣ እውነተኞቹ ካሴቶችም ገና በየሣጥኑ ተቀምጠዋል። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅ እንዴት ያረጃል?

ካሴትን በ1963 ያስተዋወቀው የፊሊፕስ ኩባንያ ነው። ክሩ ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ድምፁን በማግኔት የሚይዘው በላዩ የተለጠፈው የብረት ኦክሳይድ ብናኝ ነው። ብናኙ ፍጹም ወጥ ስለማይሆን ዘፈን በሌለበት ቦታ እንኳ “ሽ…” ይላል። የቴፑ ሞተር ፍጥነቱን ሲያዛባ ወይም ክሩ ሲለጠጥ ዜማው ይዋልላል። ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይደበዝዛሉ። የዛሬ ሙዚቀኞች በሶፍትዌር የሚያስመስሉት እነዚህን ሦስት ጉድለቶች ነው።

ድምፅን በማስረጀት ከታወቁት መካከል የስኮትላንዱ ጥንድ ቦርድስ ኦፍ ካናዳ ይገኙበታል። ስማቸውን የወሰዱት በልጅነታቸው ካዩዋቸው የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ሥራዎች ነው። በ1998 ያወጡት አልበም የተንሻፈፉ የሲንተሳይዘር ድምፆችንና የልጆችን ድምፅ አዋህዶ ብዙዎችን ወደ ልጅነታቸው መልሷል።

ለምን ልብ ይነካል?

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ስላሳለፉት ሕይወት ሲጠየቁ አብዝተው የሚያነሡት ከ10 እስከ 30 ዓመት ገደማ ያለውን ዘመናቸውን እንደሆነ የማስታወስ ተመራማሪዎች ደጋግመው አግኝተዋል። የዚያ ዘመን ዘፈን ሲሰማ ቤቱ፣ ጎረቤቱና ጓደኛው አብረው ይመጣሉ። ዘፈኑን በካሴት ያወቀ ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው ከነመሣሪያው ነው፤ “ሽ…” የሚለው ድምፅም የትዝታው አካል ሆኗል።

ካሴት ያልነካ ወጣትስ? በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ወጣቶች ወላጆቻቸው በወጣትነታቸው ይሰሙት ለነበረው ሙዚቃም ጠንካራ ስሜት እንዳላቸው አሳይቷል። ልጅ የወላጁን ዘፈን የሚወርሰው እዚያው ቤት ውስጥ፣ ሳያስበው ነው።

የእኛ አገር ሥራዎች

የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው “ወደ ሐረር ጉዞ” በ1978 በካሴት ወጣ፤ በ2016 እንደገና ታትሟል። በ1985 ደግሞ በአሜሪካ፣ ለብቻው፣ አኮርዲዮንን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ የቆዩ ዜማዎችን ቀረጸ። ይህን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሰባሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 አሳተመው። ያኔ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ የነበረው ኃይሉ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። ኃይሉ ድምፁን ለማስረጀት አልሞከረም። በዘመኑ አዲስ በነበሩ መሣሪያዎች የልጅነቱን ዜማ አስታወሰ፤ እርጅናውን የጨመረለት ጊዜው ራሱ ነው።

ከ2014 ጀምሮ ሙዚቀኞቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ “ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ” በሚል ስም የታወቀውን ስልት ይዘው ብቅ አሉ፤ የሚካኤል “ዘላለም” በ2016 ወጣ። በ2018 ሮፍናን በ“ነጸብራቅ” አልበሙ ይህን መንገድ ወደ ሰፊው አድማጭ አደረሰው። የኢትዮጵያ ሙዚቀኛ አንድ ተጨማሪ ሀብት አለው፤ ከዋና ዋናዎቹ ቅኝቶች አንዱ ራሱ ትዝታ ነው። ኪቦርድ በዚህ ቅኝት ሲመታ፣ የካሴት ድምፅ ባይጨመርበትም ናፍቆትን ይጠራል።

ድሬ ምን አላት?

ድሬዳዋ በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከጅቡቲ በሚመጣው ሐዲድ ዕቃም ዜማም ገብቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፍራን ቀሎ የኪነት ቡድን የተመሠረተው እዚህ ነው፤ በ2022 ያረፈው ድምፃዊ አሊ ቢራም ከዚያ የወጣ የከተማዋ ልጅ ነው። አሊ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛና በዐረብኛ ዘፍኗል። የድሬ ጆሮም እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ቤት የካሴት ሣጥን ውስጥ የብዙ ቋንቋ ዘፈን ጎን ለጎን ይቀመጣል። ከሱቅ ከተገዛው ሌላ ከሬዲዮ የተቀዳ፣ በሠርግ ላይ የተቀረጸና ለዘመድ በድምፅ የተላከ ደብዳቤም አለ።

የታተመ ዘፈን ሌላ ቅጂ ሊገኝለት ይችላል፤ የሠርጉ ካሴት ግን አንድ ብቻ ነው። የድሬ ሙቀት ደግሞ ለክር ጠላት ነው። ሆኖም ጠብቆ ማቆየት ይቻላል፤ ጎረቤታችን ሐርጌሳ በ1988 በቦምብ ስትደበደብ፣ የሬዲዮ ሐርጌሳ ቅጂዎች የተረፉት ሰዎች ደብቀው ስላቆዩአቸው ነው። ካተረፏቸው የተመረጡ ዘፈኖች በ2017 በአልበም ወጥተው ለግራሚ ሽልማት ታጭተዋል።

ካሴት ያለው ሰው ምን ያድርግ?

ካሴቱን ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት ያርቅ። በስሕተት እንዳይቀረጽበት ከላይ ያሉትን ሁለቱን የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበር። ከማጫወቱ በፊት ክሩን በእስክሪብቶ ቀስ ብሎ ያጥብቅ፤ ክሩን የሚያነብበውን የቴፑን ሄድም በአልኮልና በጥጥ ይጥረግ። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በሽቦ ያገናኝና በዋቭ (WAV) ፋይል ይቅዳ። ማን እንደዘፈነ፣ የትና መቼ እንደተቀረጸ ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ጠይቆ ይመዝግብ። ከመጀመሪያው ቅጂ ላይ “ሽ…” የሚለውን ድምፅ አያጥፋ፤ ማጽዳቱ በሌላ ቅጂ ላይ ይደረስበታል። ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀምጥ።

የድሬ ወጣት ሙዚቀኞችም ድምፅ የሚያስረጅ ሶፍትዌር ከመግዛታቸው በፊት የአያቶቻቸውን ሣጥን ይጠይቁ፤ ባለቤቶቹን አስፈቅደው ይቅዱ፣ በሥራቸውም ላይ ስማቸውን ይጥቀሱ። ሶፍትዌር የማንኛውንም አሮጌ ካሴት ድምፅ ሊያስመስል ይችላል። የገንደ ቆሬን ሠርግ፣ የመጋላን ጭብጨባና የአምስት ቋንቋ ምርቃት ግን ከሌላ ቦታ አያመጣውም። ስለዚህ ቴፑ እየሠራ፣ ድምፆቹን የሚለዩ ሰዎችም በሕይወት እያሉ ሥራው ዛሬውኑ ይጀመር።