«እንጀራ ምን አደረገሽ?»

ለጰራቅሊጦስ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። ትሪው መሀል ላይ ተቀመጠ፣ ዶሮው ወጣ። እናቷ እጃቸውን ታጥበው የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቀለሉና ወደ ልጃቸው ዘረጉ። ልጅ አፏን በመዳፏ ጋረደች።

«እማዬ፣ ኬቶ ላይ ነኝ። እንጀራ ትቻለሁ።»

እናት ጉርሻዋን እንደያዙ ትንሽ ቆዩ። «እንጀራ ምን አደረገሽ?» አሏት፣ የተቀያየሙ ጎረቤታሞችን ሊያስታርቅ እንደመጣ ሽማግሌ።

ጉርሻዋ እኔ አፍ ውስጥ ገባች። ባልደረባዬ ከፋሲካ ማግስት ጀምራ በሰባት ሳምንት 6 ኪሎ ቀንሳለች። ቀበቶዋ ሁለት ቀዳዳ ገብቷል፣ ፊቷ ላይ ያለው ኩራትም ያስቀናል። እኔም በየዓመቱ ለሚገፋው ሆዴ ስል ነገሩን ማገላበጥ ጀመርኩ።

ኬቶ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሥጋ ዳየት አይደለም፤ የስብ ዳየት ነው። በቀን የሚበላው ካርቦሃይድሬት ከ20 እስከ 50 ግራም ባለው ጠባብ ልክ ይታሠራል፣ ፕሮቲኑ መጠነኛ ይሆናል፣ የቀረው ጉልበት ከቅቤ፣ ከዘይት፣ ከአቮካዶ፣ ከእንቁላልና ከሥጋ ስብ ይመጣል። ሲጀመርም ለማክሳት አልታሰበም። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ራስል ዋይልደር የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕመምተኞች ያቀረቡት ሕክምና ነው። ሰው ሲጾም የሚጥለው በሽታ ጋብ እንደሚልለት ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ችግሩ ዕድሜ ልክ መጾም አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሰውነትን እያበሉ ማስጾም ይቻላል ወይ ብለው አሰቡ። እ.ኤ.አ. ከ1938 ወዲህ ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒት ሥራ ላይ ሲውል ዳየቱ ወደ ጓሮ ተገፋ፤ ዛሬም ግን በሽታቸው በመድኃኒት ለማይመለስ ሕፃናት በሆስፒታል ክትትል ይሰጣል። ካርቦሃይድሬት እየቀነሱ መክሳትን የብዙኃን ወሬ ያደረጉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፋቸውን ያሳተሙት የኒውዮርኩ የልብ ሐኪም ሮበርት አትኪንስ ናቸው።

እያበሉ ማስጾሙ እንዲህ ይሠራል። እንጀራው፣ ዳቦውና ስኳሩ ሆድ ውስጥ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል፤ ከዕለቱ የተረፈው ግላይኮጅን ሆኖ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል። ጎተራው ትንሽ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢይዝ ነው። ጥቂት ቀን ካርቦሃይድሬት ካልገባ ይራቆታል። ያኔ ኢንሱሊን ዝቅ ይላል፣ የተከማቸው ስብ ይፈታል፣ ጉበትም ከስቡ ኬቶን የሚባል ማገዶ ያመርታል። አንጎል ስብን እንዳለ ማንደድ አይችልም፤ ኬቶንን ግን ይቀበላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰውም ሳያውቀው የዚህን ቤት ደጃፍ ይረግጣል። ከኬቶኖቹ አንዱ አሴቶን ነው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ላይ የምናውቀው ሽታ እስትንፋስ ላይ የሚመጣው ከዚያ ነው። ባልደረባዬ ማስቲካ የማትለየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያውም ስኳር የሌለውን።

አንድ ነገር ግን ሳይጣራ አይታለፍ። ሰውነት ስብ ያነዳል ማለት የሆድን ስብ ያነዳል ማለት አይደለም። ሦስት ማንኪያ ቅቤ የዋጠ ሰው አስቀድሞ የሚያነደው ያንኑ ቅቤ ነው። ከወገብ ላይ የሚነሳው፣ የተበላው ከሚያስፈልገው ሲያንስ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ተአምርም ምስጢሩ ውሃ ነው። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ አቅፎ ይቀመጣል፤ ጎተራው ሲራቆት ውሃው አብሮ ይወጣል። ሁለት ኪሎ ገደማ እዚህ ላይ ይሄዳል። ውሃው ጨው ይዞ ስለሚወጣ ራስ ያማል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ከመቀመጫ ሲነሱ ዓይን ጭልም ይላል። ባልደረባዬን ያቆማት የአጥንት መረቅ ነው፤ ጨው ጣል አድርጋበት በቀን አንድ ኩባያ። ከ6ቱ ኪሎ ሁለቱ ውሃ ሳይሆን አይቀርም ስላት ቅር አላት። ግን እውነት ነው፤ አንድ ሁለት ቀን እንደ ልብ እንጀራ ከተበላ ውሃው ተመልሶ ይገባል። «ኬቶን ባቆምኩ በማግስቱ ወፈርኩ» የሚሉት ሰዎች የሚያወሩት ስለዚህ ውሃ ነው።

ከውሃው ባሻገርስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በክሪስቶፈር ጋርድነር የተመራ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። 609 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ስብ፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ ተደርጎ አንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ወረዱ። በተመራማሪ ዓይን ይህ ልዩነት አይባልም። በሁለቱም ወገን ከ25 ኪሎ በላይ የጣለ አለ፤ ጭራሽ የጨመረም አለ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ካርቦሃይድሬት ቀናሾቹ መጀመሪያ በቀን ወደ 20 ግራም እንዲወርዱ፣ ከዚያ ሊዘልቁበት ወደሚችሉት ልክ ከፍ እንዲያደርጉ ነበር የተነገራቸው። ዓመቱ ሲያልቅ በአማካይ 130 ግራም ገደማ ላይ ተገኙ። ምክር እየተሰጠው፣ እየተጎበኘ ሰው ሊዘልቅበት የቻለው ልክ ከኬቶ በብዙ የራቀ ነው።

ይህ ማለት ኬቶ አይሠራም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ላይ ረሃብን ያስታግሣል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም በር ይዘጋል። የማኪያቶው ስኳር፣ የአራት ሰዓቱ ቦምቦሊኖ፣ ከታክሲ ሰልፍ አጠገብ የሚሸተው ሳምቡሳ፣ ለስላሳውና ቢራው ሁሉ በአንድ ቃል «አይቻልም» ይባላል። ራሱን በግማሽ መግታት የማይችል፣ ሙሉ ለሙሉ መተው ግን የሚቀለው ሰው አለ። ለእሱ ኬቶ ይመቸዋል።

ወደ ትሪው እንመለስ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለ፤ ከዚያ ላይ 8 ግራም ያህሉ ፋይበር ስለሆነ ይቀነስ። አንድ ሙሉ የምጣድ እንጀራ ደግሞ ከ100 ግራም በላይ ዱቄት ይወስዳል። ሩቡን የበላ ሰው የ20 ግራሙን ድርሻ ሊጨርስ ብዙም አይቀረው። ምስርና ሽምብራ ከመቶው 60 ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ስለዚህ ሽሮ ወጣ። ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆጮ ሳይጠየቁ ወጡ። ዶሮ ወጥ ይገባል ብሎ የሚያስብ ሽንኩርቱን ረስቷል። 100 ግራም ሽንኩርት 9 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይይዛል፤ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ከተከተፈ፣ ፋይበሩ ተቀንሶ እንኳ ድስቱ ውስጥ ከ140 ግራም ያላነሰ አለ። ይህን ስል ባልደረባዬ የቁሌቱን ቀይ ወጥ ከሥጋው ላይ በሹካ መጥረግ ጀመረች። እናቷ አላዩም፤ እግዜር ይመስገን።

የሚቀረው መቼም የድሃ ገበታ አይደለም፤ ክትፎ ያለ ቆጮ፣ ጥብስ፣ ዱለት፣ በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል፣ አይብ፣ ጎመን። ጥሬ ሥጋም ይገባል፤ ኮሶውን ግን ኬቶ አይከላከልም። ቁርጥ ቤት ተቀምጦ «እኔ እንኳ ኬቶ ነኝ» እያለ ሦስት ቢራ የሚያወርድ ሰው አውቃለሁ። አንዱ ጠርሙስ ብቻ 10 ግራም ገደማ ነው።

እናትየው ሁሉንም በዝምታ ሲያዳምጡ ቆይተው ሁለተኛውን ጥያቄ አመጡ።

«ነገ ጾም ይገባል። ምን ልትበዪ ነው?»

ልጅቷ ኬቶን የጀመረችው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ናቸው፤ በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሜዳ አንዴ ብቻ ይገኛል። በማግስቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይጀምራል፤ ቀጥሎ ፍልሰታ፣ ከዚያ የነቢያት፣ ከዚያ ሁዳዴ ከነ55 ቀኑ፣ በመሀል ረቡዕና ዓርብ። ሥርዓቱን የሚጠብቅ ምእመን የዓመቱን ግማሽ ያህል ይጾማል። በነዚህ ቀናት ኬቶ የሚፈቅደውን ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ጾሙ ይከለክላል፤ ጾሙ የሚፈቅደውን እንጀራ፣ ሽሮና ምስር ኬቶ ይከለክላል። ሙስሊም አንባቢዬ ከዚህ ነፃ ነው፤ የእሱ ፈተና ማፍጠሪያው ላይ ያለችው ቴምርና ሳምቡሳ ናት።

በሁለቱ ክልከላዎች መሀል የሚተርፈው ጎመን፣ አቮካዶ፣ ዘይት፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ኑግና ተልባ ነው። ተልባ ክብሩ ይለያል። 100 ግራሙ ውስጥ ካለው 29 ግራም ካርቦሃይድሬት 27ቱ ፋይበር ነው፤ 42 ግራሙ ስብ። ኬቶ የምትባለው ነገር እዚህ አገር ብትወለድ ስሟ ተልባ ይሆን ነበር። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ከተልባና ከአልሞንድ ዱቄት እንጀራ መሰል ነገር ጋግራ ፎቶ ልካልኛለች። ዓይን የለውም። በተልባና በአቮካዶ ሦስት ቀን ይኖራል፤ 55 ቀን ግን አላውቅም።

ደግሞ ጾመኛው ለመክሳት ኬቶ የግድ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 20 ሰዎችን ሆስፒታል አስተኝቶ ሁለት ሳምንት የኬቶ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ስቡ ያነሰ የአትክልት ምግብ እስኪጠግቡ አበላቸው። በአትክልቱ ጊዜ በቀን 700 ካሎሪ ገደማ ያነሰ በሉ፤ ያውም ሳይራቡ። በእርግጥ ያ ምግብ በዘይት አይዋኝም ነበር። የእኛ አልጫ ክክ ዘይቱ ካልተንሳፈፈ «አልበሰለም» ይባላል።

ቡናው ሲፈላ እናትየው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ለእኔ ስኳርስ አይሆንም?»

ይህን ጥያቄ ከባድ የሚያደርገው መልሱ «ሊሆን ይችላል» መሆኑ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ካርቦሃይድሬት መቀነስ የደሙን ስኳር ያወርዳል፤ የዚህ አመጋገብ ጥቅም ጎልቶ የሚታየውም እነሱ ላይ ነው። አደጋውም እዚያው ነው። እናትየው ለስኳራቸው ግሊቤንክላማይድ ይውጣሉ፣ ለግፊታቸው ደግሞ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን። የእነዚህ መድኃኒቶች ልክ የተወሰነው እንጀራ እየተበላ ነው። እንጀራው ቀርቶ ኪኒኑ እንዳለ ከቀጠለ ስኳሩ ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር፣ ከባሰም ራስን መሳት ይከተላል። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችም እንደዚሁ። የግፊቱ ኪኒን ኬቶ ከሚያስወጣው ውሃና ጨው ጋር ሲደመር ግፊቱን ከልክ በላይ ይጥለዋል። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን የተባለ የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙ ሳያውቅ ኬቶን ባይሞክር ይሻለዋል። ኬቶኑ ደሙን እስኪያመርዘው ሊከማች ይችላል፤ ይባስ ብሎ የስኳር መለኪያው ብዙም ከፍ ያለ ቁጥር ላያሳይ ይችላል፤ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ኩላሊቱ የተጎዳ፣ ቆሽቱ ታሞ የሚያውቅ፣ ከምግብ ጋር ተጣልቶ የኖረ ሰው፣ ኬቶ የእሱ ጉዳይ አይደለም። ጤነኛ ነኝ የሚለውም ቢሆን ከመጀመሩ በፊትና ከሦስት ወር በኋላ ኮሌስትሮሉን ይለካ፤ አንዳንዱ ሰው ላይ መጥፎው ኮሌስትሮል ሽቅብ ይተኮሳል፤ አስቀድሞ የሚነግር ምልክት የለውም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። መድኃኒት የማይወስድ፣ ለራሱ የሚያበስል ወይም ለብቻው የሚቀርብለት፣ ጾም የማይዝ ወይም የጾሙን ቀን በሌላ መንገድ ለማለፍ የወሰነ፣ የሥጋና የእንቁላል ወጪ የማያስጨንቀው ሰው ሦስት ወር ቢሞክረው አልከለክለውም። ከአንድ ትሪ ከስድስት ሰው ጋር የሚበላ፣ ረቡዕን የሚያከብር ግን የምግብ ሠንጠረዡን ከማየቱ በፊት የግድግዳውን ካላንደር ቢያይ ይሻለዋል።

ባልደረባዬ በሐዋርያት ጾም አሥር ቀን ታገለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሽሮ ፈሰስ ሸተታት። ከ6ቱ ኪሎ ሁለቱ ተመለሱ፤ አራቱ እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣቷን አልተወችምና። እናቷ በክትትል ቀጠሯቸው ጥያቄውን ለሐኪማቸው አቀረቡ። ኬቶው ቀርቶ እንጀራው በግማሽ እንዲቀነስ፣ ስኳሩ ጠዋትና ማታ እየተለካ በደብተር እንዲጻፍ፣ በሁለት ሳምንት ደግሞ ለኪኒኑ ልክ እንዲመለሱ ታዘዘ። ባለፈው ስጠይቃቸው ደብተሩን አውጥተው አሳዩኝ፤ በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል።

«ግማሽ እንጀራ ብሎኛል» አሉ፣ ትሪው ላይ እየጠቀለሉ። «ጉርሻዬንም አሳንሼዋለሁ። እንካ፣ ቅመስ።»