የሣር ማጨጃው ጎማ ሲተነፍስ

አሜሪካ ውስጥ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ሰው ሣሩን በሚገፋ ማሽን አጭዶ አይዘልቀውም፤ ውሎ አድሮ ተቀምጠው የሚነዱትን ማጨጃ ይገዛል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ካሉ ወገኖቻችን መካከልም ይህን ማሽን የሚያውቁት ጥቂት አይደሉም። ጎማው ሲተነፍስ ግን እንደ መኪና እስከ ጎሚስታ ቤት አይነዳም፤ ጥገናው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

የቤት መኪና ጎማ ከ30 ፒኤስአይ በላይ ሲነፋ፣ የማጨጃው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ይበቃዋል። ትክክለኛው ልክ በማሽኑ መመሪያ ላይ አለ። ነፋሱ ያነሰው ሆን ተብሎ ነው፤ ጎማው መሬት ላይ ሰፋ ብሎ እንዲያርፍና ሣሩን እንዳይቆፍር። ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። አብዛኛው ካላማዳሪያ ስለሌለው የጎማውን ከንፈር ከቸርኬው ጋር ያጣበቀው ያ ጥቂት ነፋስ ነው። የበረዶውን ወራት ቆሞ ነፋሱ ከጎደለ፣ ተዳፋት ላይ ሲታጠፍ ከንፈሩ ይላቀቅና ጎማው በአንዴ ይተኛል። በትንሹ ቢጎድል እንኳ ምላጩ ወደዚያ ጎን ስለሚያዘነብል ሣሩ በአንድ ወገን አጥሮ ይታጨዳል።

ማሽኑን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ ፍሬን ይያዙ፣ ቁልፉን ይንቀሉ፣ በክሪክ ያንሱት። ጎማውን ነፋ አድርገው የሳሙና ውሃ ሲቀቡት አረፋ የሚያወጣው ቦታ ይታያል። መርገጫው ላይ የገባ እሾህ ወይም ሚስማር ከሆነ ነቅሎ በጎማ መወተፍ ነው። አረፋው ከቸርኬው ዳር ከወጣ ግን ጥፋቱ የዝገት ነው፤ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው ያጽዱት። ከንፈሩን ሳሙና ይቀቡና የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ በመርገጫው ዙሪያ አጥብቀው ይሰሩ። መሐሉ ሲጨመቅ ከንፈሮቹ ወደ ቸርኬው ይገፋሉ፤ ኮምፕረሰሩ ሲነፋበት ጧ ብሎ ይቀመጣል። ከንፈሩ እንደያዘ ቀበቶውን ይፍቱ።

የኋላውን ጎማ ካወለቁ፣ አክስሉ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ብረት አደራ። ሣር ውስጥ ወድቃ ከጠፋች አክስሉ ይሽከረከራል እንጂ ጎማው አይዞርም።

ፈሳሽ ማሸጊያ ለእሾህ ቀዳዳ ይሆናል፤ ደጋግሞ ለሚተነፍስ ጎማ ግን እኔ የምመርጠው ካላማዳሪያ ማስገባት ነው። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 15×6.00-6 ሲል፣ ቁመቱ 15 ኢንች፣ ስፋቱ 6፣ የቸርኬው ዲያሜትር ደግሞ 6 ኢንች ነው። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ግን ይቀየር።

ከንፈሩን ለማስቀመጥ ተቀጣጣይ ጋዝ ረጭተው እሳት የሚለኩሱ ሰዎች አሉ። ጎማው ፈንድቶ ዓይን ሊያጠፋ፣ ሕይወትም ሊቀጥፍ ይችላልና እባክዎ አይሞክሩት።