ቱሪንጊያ፦ ርስትና መንግሥት

ተማሪዎች፣ አንድ አባት ርስቱን ለልጆቹ እኩል ቢያካፍል ፍትሕ እንደ ሠራ ይቆጠራል። ነገር ግን ርስቱ መንግሥት ቢሆንስ? የዚህን ጥያቄ መልስ ከቱሪንጊያ ታሪክ ለመረዳት ትችላላችሁ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቱሪንጊያ ከ16ቱ የጀርመን ፌዴራላዊ ግዛቶች አንዷ ስትሆን በሀገሪቱ እምብርት ላይ ትገኛለች። የቆዳ ስፋቷ 16,200 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የሕዝቧም ቁጥር 2.1 ሚሊዮን ያህል ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል በደን የተሸፈነ ተራራማ ምድር ተዘርግቷል፤ ከፍተኛው ጫፍ ግሮሰር ቤርበርግ 983 ሜትር ይደርሳል። በተራራው ጀርባ ላይ ሬንሽታይግ የተባለ፣ 170 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ጥንታዊ መንገድ ያልፋል፤ ይህም መንገድ በቀድሞ ዘመን የትናንሽ መንግሥታት ድንበር ነበረ። ከተራራው በስተሰሜን የኡንሽትሩት ወንዝ የሚያቋርጠው ለም ሜዳ ይገኛል። በዚሁ ሜዳ ዳር የተቆረቆረችው ዋና ከተማ ኤርፉርት በመካከለኛው ዘመን ሰማያዊ ማቅለሚያ በሚወጣው ተክል ንግድ በልጽጋለች።

የጥንቱ የቱሪንጊያ መንግሥት በ531 በፍራንኮች ድል ተመትቶ ወደቀ። ከ1131 ጀምሮ ላንድግራፍ የሚል ማዕርግ የነበራቸው መሳፍንት ሀገሪቱን ገዙ፤ ስመ ጥሩው ምሽጋቸውም ከአይዘናኽ ከተማ በላይ ያለው ዋርትቡርግ ነበረ። ይሁን እንጂ ሃይንሪኽ ራስፔ በ1247 ያለ ወራሽ ስለ ሞተ የወራሽነት ጦርነት ተነሣ፤ በመጨረሻም አብዛኛው ምድር ለቬቲን ሥርወ መንግሥት ሆነ።

የቬቲን መሳፍንት ግዛታቸውን ለልጆቻቸው የማካፈል ልማድ ነበራቸው። ለምሳሌ የጎታው መስፍን ኤርንስት በ1675 ሲሞት ሰባቱ ወንዶች ልጆቹ ወረሱት፤ በ1680ም ግዛቱን ለሰባት ተካፈሉት። እንዲህ የተቆራረሰ ምድር ብርቱ ጦር ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ መሳፍንት በጦር ሜዳ ያላገኙትን ክብር በትምህርትና በኪነ ጥበብ ፈለጉት። ኤርንስት ራሱ በ1642 ባወጣው ደንብ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች እንዲማሩ አዝዞ ነበር። ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ የተጋበዙትም በእርሱ ዘመን ነው፤ ከእርሳቸው የተማረው የኤርፉርት ተወላጅ ሂዮብ ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። በ1775 ደግሞ ባለቅኔው ጎተ በመስፍኑ ካርል አውጉስት ጥሪ ወደ ቫይማር መጣ።

መሳፍንቱ በ1918 ከሥልጣን ወረዱ፤ በ1920 ሰባት ትናንሽ ግዛቶች ተዋሕደው አንዲት ቱሪንጊያ ተመሠረተች። ነገር ግን ዕውቀትና ጥበብ ብቻቸውን ሰውን ከክፋት አያድኑም። ከቫይማር አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ናዚዎች በ1937 የቡኸንቫልድን የእስረኞች ሰፈር ሠሩ፤ በዚያም 56,000 ያህል ሰዎች አለቁ። ከጦርነቱ በኋላ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1952 ግዛቲቱን ለሦስት ከፈላት፤ በ1990 ጀርመን ስትዋሐድ ቱሪንጊያም እንደገና አንድ ሆነች።

እንግዲህ መከፋፈል ቱሪንጊያን ኃይል አሳጣት፤ ትምህርት ቤቶችንና ቤተ መጻሕፍትን ግን አበዛላት። ጥቅሙና ጉዳቱ እንዴት እንደሚመዘን እናንተው አስቡበት።

መልመጃ

1. የቬቲን መሳፍንት በትምህርትና በኪነ ጥበብ ክብርን የፈለጉት ለምንድን ነው?
2. «ይሁን እንጂ» እና «ስለዚህ» የሚሉት ቃላት በድርሰቱ ውስጥ ምን ምን ዐረፍተ ነገሮችን አያያዙ?
3. የምትኖሩበትን አካባቢ መልክዐ ምድርና ታሪክ የሚገልጽ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።