የጥር ጤፍና የመስከረም ደብተር
በጠዳ አራት ተማሪ የምታሳድግ እናት ሒሳብ

ከጎንደር ተነሥቶ አዘዞን አልፎ ወደ ማክሰኝትና ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ጠዳን መሐል ለመሐል አቋርጧት ያልፋል። አብዛኛው ነጋዴ ጠዳን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። የተደረደሩ ሱቆች፣ ተሳፋሪ የሚጠብቁ ባጃጆች፣ ወቅቱ ሲደርስ እሸት ሽምብራ ታቅፈው ወደ ቆመ አውቶቡስ የሚሮጡ ልጆች ያያል፤ ከዚያ መኪናው ይነሣል። የእነዚያ ልጆች እናት ግን ከመንገዱ አትታይም። የዚህ ሳምንት ዓምዳችን የእሷን ሒሳብ ይመለከታል።

«ልጅ ማሳደግ በገበያ ገጽ ላይ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከሳሙና እስከ ደብተር፣ ከዘይት እስከ ጫማ በችርቻሮ የሚሸጠውን ዕቃ አብዛኛውን የምትገዛው እሷ ናት። እንቁላሉን፣ ዶሮውንና ቅቤውን አብዛኛውን ጊዜ ለገበያ የምታቀርበውም እሷው ናት። በአንድ ራስ ሸማችም አቅራቢም የሆነች ሰው ሒሳቧ ሲዛባ የነጋዴውም ሽያጭ ይዛባል።

ለስሌት እንዲያመች አንድ ቤት በናሙናነት ወስደናል። እናት፣ አባትና አራት ተማሪዎች ያሉበት ቤት ነው። ልጆቹ ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ናቸው እንበል፤ ስምንተኛዋ ሴት ናት። የምንጠቅሳቸው የብር መጠኖች ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ግምቶች እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንባቢ በቦታቸው የሳምንቱን ዋጋ ተክቶ ቢያሰላ ድምዳሜው አይለወጥም።

ሁለት ጠዋት ያለው ቀን

የዚህች እናት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። ሊጡ ማታ ተቦክቷል፤ እሳት ይነዳል፣ ምጣዱ ይሰማል። ውኃ በጊዜው ካልመጣ ቢጫው ጀሪካን ይሰለፋል። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ቤቱ ሁለት ጠዋት አለው ማለት ነው። ትንንሾቹ ቁርስ በልተው ሲወጡ ትልልቆቹ ይቀራሉ፤ ትንንሾቹ ምሳ ፍለጋ ሲመለሱ ትልልቆቹ ደብተር ፍለጋ ቤቱን ያተራምሱታል።

በሁለቱ ጠዋቶች መካከል የሚቀራት ጊዜ የሥራ ሰዓቷ ነው። እህል ወደ ወፍጮ ቤት ይወሰዳል፤ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጠላው ይጠነሰሳል። ጠዳ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ ትርፍ ክፍል ያላት ለተማሪ ታከራያለች፤ ክፍል የሌላት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ኮሌጁ ሲዘጋ ገቢው ይቀንሳል፤ የልጆቿ ሆድ ግን ክረምትም አይዘጋም።

የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ለዚህ ሥራ ደመወዝ አይመድቡለትም፤ በአገር ውስጥ ምርት ስሌት ውስጥም አብዛኛው አይገባም። ሆኖም ሥራው አንድ ሳምንት ቢቆም በቤቱ ውስጥ ማን ምን ይከፍል እንደነበር ሁሉም ያውቀዋል።

ሁለቱ የማይገናኙ ወራት

የችግሩ ሥር ድህነት ብቻ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያም ነው። በጎንደር ዙሪያ ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ እስከ ጥር ይወቃል። ሽምብራው በጥርና በየካቲት ይደርሳል። በእነዚህ ወራት እህል ይበዛል፣ ዋጋው ይወርዳል። ከዚያ ጀምሮ ዋጋው ቀስ በቀስ ሲወጣ ይቆይና በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ጣሪያ ይነካል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ እናት በጥር በርካሽ ሸጣ በነሐሴ በውድ ትገዛለች። በጥር የምትሸጠው ዕዳ ለመክፈል ነው፤ በነሐሴ የምትገዛው ልጆች ስለሚርባቸው ነው። ገንዘብ ያለው ነጋዴ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በጥር ገዝቶ ያስቀምጣል፣ በነሐሴ ያወጣል። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ማስቀመጥም ወጪና ሥጋት አለው። ልዩነቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ማወቅ ግን ይገባል።

የናሙናው ቤት በወር 80 ኪሎ እህል ይፈጃል እንበል። ጤፍ በኪሎ 10 ብር ቢጨምር በወር 800 ብር ነው። እናት ለዚህ ያላት መልስ ቅይጥ ነው። ግማሹን ማሽላ ታደርገዋለች። በጤፍና በማሽላ መካከል ያለው ልዩነት በኪሎ 40 ብር ከሆነ፣ 40 ኪሎ በመቀየር በወር 1,600 ብር ታተርፋለች። ልጆቹ እንጀራው ደረቀ ብለው ያጉረመርማሉ እንጂ የደብተራቸው ገንዘብ ከዚያ ውስጥ እንደወጣ አይነገራቸውም።

የአባትየውም ገቢ ከወሩ ጋር አይገጥምም። ከጎንደር ደጋማ ቦታዎች ብዙ ወንዶች በክረምት ለሰሊጥ አረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ትምህርት ቤት ሲከፈት አባት ቆላ ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው አጨዳው ሲያልቅ ነው። በዚያ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ይህ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑትም በዚሁ ግጭት ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍት በሆነበት ቦታ ያለች እናት እንግዲህ ዕድለኛ ተብላ ትቆጠራለች።

«ነፃ» የተባለው ትምህርት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን የመንግሥት ትምህርት ከክፍያ ነፃ አድርጓል። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ በርካታ የገጠርና የትንንሽ ከተማ ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ነፃ የሆነው ወንበሩ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ዩኒፎርም፣ ጫማና ቦርሳ ከገበያ ነው የሚገዙት። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሥራ ላይ ሲውልም የመማሪያ መጻሕፍት በጊዜው ስላልተዳረሱ በብዙ ቦታ የፎቶ ኮፒ ወጪ ተጨመረበት።

ደብተሩን እንቁጠር። ለሁለተኛ ክፍሉ 5፣ ለአራተኛው 6፣ ለስድስተኛው 8፣ ለስምንተኛዋ 9 ደብተር ብንል ድምሩ 28 ነው። የአንዱ ዋጋ 1 ብር በጨመረ ቁጥር 28 ብር ትጨምራለች። በደርዘን የሚገዛና አንድ አንድ እያለ የሚገዛ ሰው በአንዱ ደብተር ላይ የ5 ብር ልዩነት ካላቸው፣ እናት ገንዘቡ በአንድ ጊዜ እጇ ስላልገባ ብቻ 140 ብር ትከፍላለች። ድሃ በችርቻሮ ስለሚገዛ ከሀብታም በላይ ይከፍላል የሚባለው ይህ ነው።

ደብተር ከውጭ ምንዛሪም ጋር የተሳሰረ ነው። የአገራችን ደብተር ፋብሪካዎች ወረቀቱን ወይም የወረቀቱን ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚያመጡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር አለፈ። ውሳኔው የወጣው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። የጠዳ እናት ዶላር በዓይኗ አይታ ላታውቅ ትችላለች፤ የምንዛሪው ለውጥ ግን በ28 ደብተር ተባዝቶ ቤቷ ገብቷል።

ዶሮዋ እንደ ባንክ

እናት ለዚህ ሁሉ ያላት መከላከያ ከጓሮ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የምታቅፍ ዶሮ በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ለጳጉሜን ኮርማ አውራ ዶሮ ይሆናሉ። ከ12 ጫጩት ጭልፊትና ሽልምጥማጥ የድርሻቸውን ወስደው፣ ፈንግል ካልገባ፣ 6 ቢተርፉ ጥሩ ነው። እነዚያ 6 ዶሮዎች የመስከረም ደብተር ናቸው።

እዚህ ላይ ጊዜ ማወቅ የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ጾመ ፍልሰታ ስለሚገባ የዶሮና የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል። ደላላ መንደር ለመንደር የሚዞረው ያኔ ነው።

«እናቴ፣ ጾም እኮ ነው፤ ማን ዶሮ ይበላል? በዚሁ ይውሰዱ» ይላል።

«ጾሙ ያልፋል፣ ልጄ» የምትለው በጳጉሜን በተሻለ ዋጋ ትሸጣለች። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ የማይፈልግ ቤት ጥቂት ነው፤ የጎንደር ቅዳሜ ገበያም በነዚያ ቀናት የተለየ ነው። ነገር ግን «ጾሙ ያልፋል» ለማለት አቅም ይጠይቃል። በነሐሴ ልጅ የታመመባት ወይም እህል ያለቀባት እናት መጠበቅ አትችልም። ደላላው የሚያተርፈው ከዶሮው ብቻ ሳይሆን ከዚህች እናት ችኮላም ጭምር ነው።

ዶሮው ካልበቃ ወደ ብድር ይኬዳል። በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 ለአነስተኛ ብድር ተቋማት በር ከፍቶ፣ አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1989 ዓ.ም. በአክሲዮን ማኅበርነት ፈቃድ አገኘ፤ በ2014 ዓ.ም. ወደ ጸደይ ባንክ ተለወጠ። ተቋሙ ባለፉት ዓመታት ብዙ ሴቶችን በቡድን ዋስትና አበድሯል። ይሁንና ለንግድና ለእርሻ የሚሰጥ ብድር ደብተር ለመግዛት አይታሰብም። ለዚህ የሚኬደው ጎረቤት ያለ አራጣ አበዳሪ ዘንድ ነው። በወር 10 በመቶ የሚያስከፍል ሰው 3,000 ብር ቢያበድር፣ ከመስከረም እስከ ጥር ባሉት አራት ወራት ወለዱ ብቻ 1,200 ብር ይሆናል። ጥር ሲገባ የሚሸጠው የመጀመሪያው ጤፍ ለማን እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ

ሒሳቡ ሳይገጥም ሲቀር ክፍተቱን የምትሸፍነው ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጅ ናት። በገበያ ቀን እናት ዕቃ ይዛ ስትወጣ ምጣዱን ልጅቱ ትረከባለች። መጀመሪያ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ነው። 40 የትምህርት ሳምንት ብንቆጥር 40 ቀን፣ በአምስት ሲካፈል ስምንት ሙሉ ሳምንት ነው። የክልሉን ፈተና የምትፈተነው ከክፍል ጓደኞቿ ስምንት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርታ ነው ማለት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበሩ ለሚያስታውስ፣ የስምንት ሳምንት ክፍተት ትንሽ ነገር አይደለም።

እናት ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ዛሬ የሚጎድለውን እራት ታየዋለች፤ ነገ የሚጎድለውን ውጤትም ታየዋለች። እራቱ ግን ቀድሞ ይመጣል።

ለነጋዴው ምን ይላል?

የቀን መቁጠሪያ ችግር የቀን መቁጠሪያ መፍትሔ አለው። ከጥር መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ 34 ሳምንት ገደማ ነው። በሳምንት 100 ብር የሚጥል የእናቶች እቁብ ለአንዷ 3,400 ብር ያስገኛል፤ ይህም ከአራጣው 3,000 ብር ይበልጣል፣ ወለድ የለበትም። ችግሩ እቁብ በዕጣ መሆኑ ነው፤ ለሁሉም በነሐሴ አይደርስም። በአንድነት አስቀምጦ በሐምሌ በአንድ ቀን የሚከፋፈል ቁጠባ ግን ይህን ይፈታል።

የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ የሆነ አንባቢም እዚህ ላይ ገበያ አለው። ከጥር ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያስከፈለ፣ በደርዘን ዋጋ ደብተሩን በነሐሴ የሚያስረክብ ነጋዴ የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡን ያለ ባንክ ወለድ ያገኛል፤ ሽያጩንም ከመስከረም በፊት ያውቃል። እናት በበኩሏ የ140 ብሩን ልዩነት ታተርፋለች። የሚያስፈልገው እምነትና የታተመ ደረሰኝ ነው፤ አንድ ነጋዴ የሰበሰበውን ይዞ ቢሰወር ግን በዚያ ከተማ ሁለተኛ የሚያምን አይገኝም።

የእህል ነጋዴውም ቢሆን በጥር ከሚገዛው ላይ ጥቂት ኩንታል በአደራ አስቀምጦ በነሐሴ ለባለቤቷ የሚመልስበትን፣ የማስቀመጫ ብቻ የሚያስከፍልበትን ውል ቢሞክር ደንበኛ ያፈራል። ዛሬ ጠዳ በአዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ ሥር የጎንደር ከተማ አካል ናት፤ ከተማው ወደ እሷ እየመጣ ነው። አብሮት የሚመጣው ነጋዴ ደንበኛው ማን እንደሆነች ቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

በሚቀጥለው ጊዜ በጠዳ ሲያልፉ እሸት ሽምብራ ይዞ ወደ መስኮትዎ የሚሮጥ ልጅ ካዩ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛው የሽምብራው ዋጋ ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፤ ልጁ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን ነበረበት ወይስ ከፈረቃው ወጥቶ ነው? የእናቱ ሒሳብ ገጥሞ እንደሆነና እንዳልሆነ ከዚያ ይታወቃል።