ዘይት የሚበላ ሞተር፤ በአቃቂ ቃሊቲ ከፍታ እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚጠገን

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ ዘይት የሚበላ የመኪና ሞተር ከመፈታቱ በፊት እንዴት መመርመር እንደሚገባው፣ ከምርመራውም በኋላ ምን ዓይነት ጥገና እንደሚያሻው ለተማሪ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን መግለጽ ነው። ለጉዳዩ ማስረጃ ይሆነን ዘንድ የመረጥነው ስፍራ አቃቂ ቃሊቲ ነው። ከጂቡቲ ተነሥቶ በአዳማ በኩል የሚመጣው ጭነት ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ በር ስለ ሆነ፣ የጭነት መኪናውም ሚኒባሱም ጋራዡም በብዛት የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ነው። ዋነኛው ምክንያታችን ግን የስፍራው ከፍታ ነው፤ ይህ ከፍታ በምርመራው ላይ የሚያስከትለው ስሕተት ቀላል አለመሆኑን ወደ ታች እናሳያለን።

ሞተር ማውረድ ለባለ መኪናው ከባድ ነገር ነው። በአንድ ሚኒባስ ገቢ የሚተዳደር ቤተሰብ መኪናው ጋራዥ በቆመ ቁጥር የዕለት እንጀራው ይቋረጥበታል። ከዚህም በላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ በእጅ ያለውን ሞተር በደንብ አውቆ ማኖር የግድ ሆኗል ማለት ነው።

ዘይቱ በየት በኩል ወደ እሳቱ ይገባል?

በጋራዦቻችን የሚነገሩት ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ቫልቮላ፣ ማርሚታና ፋሻ የተባሉት ስሞች ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። መካኒኩና ተማሪው እንዲግባቡ እኛም በነዚሁ እንጠቀማለን።

በእያንዳንዱ ፒስተን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፋሻዎች ይገኛሉ። የላይኞቹ ሁለቱ በተለይ የጋዙን ግፊት ይይዛሉ፤ የታችኛው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን እየጠረገ ወደ ሞተሩ ሆድ ይመልሳል። ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። 1ኛ፤ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ሲያልቅ፣ ወይም የታችኛው ፋሻ በጥቀርሻ ተጣብቆ መጥረግ ሲያቅተው ዘይቱ ከታች ወደ ላይ ያልፋል። 2ኛ፤ በቫልቮላው ግንድ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋው ጎማ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ሲደርቅ ዘይቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። 3ኛ፤ የሞተሩን ሆድ የሚያስተነፍሰው ትንሽ ቫልቭ ሲበላሽ የዘይት ጉም ከአየሩ ጋር ተስቦ ይገባል። ቱርቦ ባላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ የቱርቦው ዘንግ ሲላላ ዘይቱ በዚያ በኩል ሊያልፍ ይችላል።

በነዚህ በሽታዎች መካከል ያለው የወጪ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። የማስተንፈሻው ቫልቭ በጥቂት ደቂቃ ይለወጣል፤ የቫልቮላው ጎማ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ የፋሻና የሲሊንደር ሥራ ግን ሞተሩን በሙሉ መፍታት ይጠይቃል። ነገር ግን የሦስቱም ምልክት ከማርሚታው የሚወጣው ያው ሰማያዊ ጭስ ስለ ሆነ፣ ጭሱን ብቻ አይቶ «ፋሻው አልቋል» ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

በቅድሚያ መረጋገጥ ያለበት

የጎደለ ዘይት ሁሉ የተቃጠለ ዘይት አይደለም። ስለዚህ ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፎ ጠዋት መመልከት፣ የቴስታታውን ክዳንና የዘይት መያዣውን ዙሪያ መዳሰስ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የሚያንጠባጥብ ነገር ከሌለ መጠኑ ይለካል። መኪናውን ደልዳላ ስፍራ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት መሙላትና ኪሎ ሜትሩን መጻፍ ያስፈልጋል። 1,000 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ወደዚያው ምልክት ለመመለስ የጨመርነው ዘይት የሞተሩ ፍጆታ ነው። ማንኛውም ሞተር ጥቂት ዘይት ይበላል፤ የቶዮታ መመሪያ መጽሐፎች ከፍተኛውን ወሰን በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ያደርጉታል። ከዚህ በታች የሚበላውን ሞተር እየተከታተሉ መጨመር ይቻላል፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ግን መመርመር ይገባዋል።

ጭሱ መቼ ነው የሚታየው?

ጥቁር ጭስ የነዳጅ ብዛት፣ በሞቀ ሞተር ላይ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ብዙ ጊዜ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባት ምልክት ነው። ሰማያዊው የዘይት ነው። ከቀለሙ ይልቅ ግን ሰዓቱ የበለጠ ይናገራል። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ቡፍ ብሎ ጭሱ የሚጠራ ከሆነ፣ ሌሊት በቫልቮላው ግንድ የተንጠባጠበ ዘይት መቃጠሉ ነው።

የአቃቂ መንገድ ራሱ እንደ መመርመሪያ መሣሪያ ሊያገለግል ይችላል። ከአቃቂ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል አዳማ እስኪደረስ ድረስ መንገዱ በጠቅላላው 400 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ሲመለሱ ያንኑ ያህል ይወጣል። የቤንዚን መኪና በማርሽ እንዳለ ቁልቁለት ሲወርድና ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ፣ የአየር መግቢያው ክዳን ስለሚዘጋ በውስጡ ኃይለኛ የመሳብ ጉልበት ይፈጠራል። ይህም ጉልበት በደረቀው የቫልቮላ ጎማ በኩል ዘይት ይስባል። ቁልቁለቱ አልቆ ነዳጅ ሲሰጥ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ከወጣና ወዲያው ከጠራ ጥርጣሬያችን ወደ ቫልቮላው ያዘነብላል። በአንጻሩ ዳገት ሲወጣ፣ ሞተሩ ጭነት ተሸክሞ ሲጎትት ጭሱ ሳያቋርጥ የሚወጣ፣ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሲከፈትም እፍ እፍ የሚል ትንፋሽ የሚበረታ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፋሻው ይሄዳል። የናፍጣ ሞተሮች በአብዛኛው እንዲህ ያለ የመሳብ ጉልበት ስለማይፈጥሩ የቁልቁለቱ ፈተና ለነሱ አይሠራም።

የጭመቃ ግፊትና የከፍታው ስሕተት

ከጥርጣሬ ወደ ማስረጃ የሚያሻግረን የጭመቃ ግፊት መለኪያ ነው። ሞተሩ ይሞቃል፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይነቀላሉ፤ የነዳጁና የእሳቱ መስመር ይቋረጣል፤ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ይረገጣል፤ ከዚያም መለኪያው በየተራ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ታስሮ ሞተሪኖው ለጥቂት ሴኮንድ ይዞራል። የእያንዳንዱ ቁጥር ይጻፋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ፍርድ የሚሰጠው። በመጽሐፍ የሚገኘው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል አየር የተሰጠ ነው። አቃቂ ግን 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በመቶ 78 ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ስለ ሆነ፣ ጤነኛው ሞተር እንኳ የሚያሳየው ግፊት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለምሳሌ መጽሐፉ የጤነኛ ሞተር ግፊት 12.5 ባር ነው ቢል፣ እዚህ የምንጠብቀው 9.7 ባር ያህል ነው። ዝቅተኛው ወሰን 9.5 ባር ነው ቢል፣ እዚህ የሚሆነው 7.4 ያህል ነው። ይህንን ሳያሰላ 9.7ን ከ12.5 ጋር የሚያስተያይ መካኒክ ምንም ያልጎደለውን ሞተር «ደክሟል» ብሎ ሊያወርደው ይችላል፤ 9.2 ያነበበማ ሞተሩ ከወሰን በታች ነው ብሎ ይፈርድበታል።

ከከፍታው ስሕተት ነጻ የሆነ አንድ ማስተያያ ግን አለ። ከፍታው ሲሊንደሮቹን ሁሉ እኩል ስለሚነካ፣ እርስ በርሳቸው ሊመዘኑ ይችላሉ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው በመቶ 75 በታች ከሆነ በዚያ ሲሊንደር ላይ ችግር አለ። ችግሩን ለመለየት በቤንዚን ሞተር በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማትሞላ የሞተር ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይለካል። ግፊቱ በግልጥ ከጨመረ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ደፍኖታልና በሽታው ከፋሻው ወይም ከሲሊንደሩ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቮላው አይገጥምም ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን አልፏል። የናፍጣ ሞተር የማቃጠያ ክፍሉ ጠባብ ስለ ሆነ ዘይት መጨመሩ ሞተሩን ሊጎዳ ይችላል፤ መተው ይሻላል።

ይህም ፈተና ወሰን አለው። የቫልቮላው ጎማ መድረቅ የጭመቃውን ግፊት አይቀንሰውም፤ የታችኛው ፋሻ ብቻ ሲጣበቅም እንደዚሁ። ስለዚህ ግፊቱ ደኅና ሆኖ ዘይት የሚበላ ሞተር ሲያጋጥም፣ በመጀመሪያ የማስተንፈሻው ቫልቭ፣ ቀጥሎ የቫልቮላው ጎማ፣ በመጨረሻ የታችኛው ፋሻ መመርመር ይኖርበታል።

ጥገናው

የቫልቮላውን ጎማ ለመለወጥ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴስታታውን ማንሣት አያስፈልግም። በካንዴላው ቀዳዳ ንጹሕ ገመድ አስገብቶ ፒስተኑን በጥንቃቄ ወደ ላይ በማምጣት፣ ወይም የታመቀ አየር በመስጠት ቫልቮላው እንዳይወድቅ ይያዛል፤ ሞላው ይፈታል፤ ጎማው ይለወጣል። የቫልቮላው መምሪያ ራሱ ሰፍቶ ከሆነ ግን አዲሱ ጎማ ብዙ አይቆይም።

ፋሻው ጥፋተኛ ሆኖ ሞተሩ ከተፈታ፣ ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ መለካት አለበት። በወሰኑ ውስጥ ከሆነ ግድግዳውን በመጠኑ ሞርዶ አዲስ ፋሻ ማግባት ይበቃል። ሞላላ ሆኖ ወይም ከላይ ሰፍቶ ከተገኘ ተቦርድዶ ከፍ ያለ ልክ ያለው ፒስተን ይገባለታል። ሲሊንደሩን ሳይለኩ አዲስ ፋሻ ማግባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ክቡ ፋሻ ከሞላላው ግድግዳ ጋር አይገጥምምና። ወፍራም ዘይት መጨመርም ጭሱን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል እንጂ አይፈውሰውም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚብሰው ጉዳት ከጭሱ የሚመጣ አይደለም። ዘይቱ እየጎደለ ሳይታይ ሲቀር ብሮንዚናው ይነክሳል፤ ያን ጊዜ በጎማ ሊድን ይችል የነበረው ሞተር ይሞታል። ዘይቱን በየሳምንቱ መመልከት፣ በጊዜው መለወጥና የአየር ማጣሪያው አቧራ እንዳያሳልፍ መጠበቅ ከማናቸውም ጥገና ይቀድማል።

እንግዲህ ከላይ እንደ ተመለከተው፣ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ አለበት። በቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችን የጭመቃ ግፊት ትምህርት ሲሰጥ የከፍታው ስሌት አብሮ ቢሰጥ፣ በየጋራዡም ግድግዳ ላይ «የመጽሐፉን ቁጥር በ0.78 አባዛ» የሚል አንድ መስመር ቢጻፍ፣ ያለ ጥፋታቸው ከሚወርዱት ሞተሮች ብዙዎቹ በስፍራቸው ይቆዩ ነበር ብለን እናምናለን።